ሁለት እጅ ለሚጠይቀው የፈላ ውሃ ቧንቧ መራጮች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ለተከበሩ የልብስ ማጠቢያ ቤታችን አስተዳደር ሹምና የፈላ ውሃ ቧንቧ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? ሁለቱም እጆችዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ትናንት በቢሮዎ መስታወት በኩል አይቼ ደስ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ቀን ማሳለፌን አስቀድሜ ልናዘዝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ስህተት ቢያገኙ እንደ ልጅዎ ይለፉኝ። አንሶላ አጣጣፊዋ ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ዝምተኛዋ» የሚሉኝ። በዚህ ጉዳይ እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ከታች ተራው ሲደርስ አወጣዋለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። የድሮው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በአንድ ጊዜ ለአራት ሰው ብቻ ስለሚያፈላ የዕረፍታችን ግማሽ በሰልፍ ያልቅ ነበር፤ ገና ሲከፍቱት የፈላ ውሃ የሚሰጥ ቧንቧ ሊገባልን ነው ሲባል ከልባችን ደስ አለን። ሻጩ ሦስት ዓይነት አምጥቶ እያንዳንዱን አንድ አንድ ቀን ሞከርን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አልጥም ስላለኝ፣ ክፉ አሳቢ አይበሉኝና፣ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1. የመጀመሪያው ቧንቧ መክፈቻው ረጅም ስለነበር በክርን ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። አክስቴን ያውቋታል፤ መተኮሻ ክፍል የምትሠራው፣ ሠራተኛው ሁሉ «እቴቴ» የሚላት፣ እኔንም ያሳደገችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የመተኮሻው ማሽን ቀኝ እጇን ከያዘው ወዲህ ጣቶቿ አይታጠፉም። በመዝገብዎ «ቀላል ጉዳት» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነትም ለመዝገቡ ቀላል ነበር። በዚያ ቀን እቴቴ መክፈቻውን በክርኗ ገፍታ ለራሷ ሻይ ቀዳች። ቀጥላ ለእኔ፣ ከዚያ ለአጣቢዎቹ፣ በመጨረሻም ለዘበኛው ቀዳች። ዘበኛው ሻይ እንደማይወድ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን ጠጣላት። ከአደጋው ወዲህ ለሰው ስትቀዳ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ቧንቧው የቀረበት ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ «ቅርጹ ከግድግዳው ሴራሚክ ጋር ስለማይስማማ» ይላል። ግድግዳው መቼ ተጠይቆ ቅር እንዳለው ግን አልተጻፈም።

2. ሁለተኛው ያንጠባጥብ ነበር። መቅረቱ ትክክል ስለሆነ በዚህ አልከራከርም።

3. የተመረጠው ሦስተኛው ነው። አንዱ እጅ ከላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ካልያዘ ሌላው እጅ መክፈቻውን ሊያዞር አይችልም፤ ቁልፉን ለቀቅ ካደረጉት ውሃው ወዲያው ይቆማል። ምክንያቱም «ሕፃናት እንዳይቃጠሉ» ነው። በዚህ ቤት በዕድሜ ትንሿ እኔ ስሆን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ለእኔ ተጨንቀው ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። በመተኮሻው ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ይኖር ይሆን ብዬ ዞሬ ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ።

4. ቧንቧው የተተከለው ማንቆርቆሪያው በነበረበት የወጥ ቤቱ ጥግ ሳይሆን ልክ ከቢሮዎ መስታወት ፊት ለፊት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲያጉረመርም እንደሰማሁት፣ መስመሩን እዚያ ለማድረስ ግድግዳውን ሁለት ቦታ መብሳት ነበረበት፤ ቅር እንዳይለው የተጠነቀቁለትን ግድግዳ ማለቴ ነው። በዚሁ ሰሞን ደግሞ «ሙሉ ሥራ መሥራት የሚችሉና የማይችሉ» ሠራተኞች ዝርዝር በወሩ መጨረሻ እንደሚወጣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለቱ ነገሮች ላይገናኙ ይችላሉ። እኔ ግን አንሶላ ሳጣጥፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ሲገጥም ዓይኔ ቶሎ ያየዋል።

ቧንቧው ከተተከለ ወዲህ እቴቴ በዕረፍት ሰዓት ወጥ ቤት አትገባም። ሻይ አላሰኘኝም ትላለች፤ ሻይ ካልጠጣች ራሷን እንደሚያማት ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ልቅዳልሽ ብላት፣ በመስታወቱ የሚያይ ሰው በሰው እጅ የምትጠጣ ብሎ እንዳይመዘግባት ፈርታ እንቢ አለች።

5. ከቤታችን አፍልተን እንዳንመጣ ደግሞ «ለእሳት አደጋ ጥንቃቄ ሲባል» ፔርሙዝ ተከልክሏል። ፔርሙዝ እሳት ሲያስነሳ አይቼ አላውቅም፤ የትምህርቴ ማነስ ይሆናል።

6. ሦስቱን ከሞከርን በኋላ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ተብሎ የአስተያየት ወረቀት ታደለን። እቴቴ በቀኟ መጻፍ ስለማትችል፣ የመጀመሪያው ይሻለኛል፣ በክርን ይከፈታል ብለሽ ጻፊልኝ አለችኝ፤ ጻፍኩላት። ሳጥኑ ውስጥ ልከተው ስል ገልበጥ ባደርገው ከጀርባው በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣ 27 ተብሎበታል። በስም መቆጣጠሪያው ላይ የእቴቴ ተራ ቁጥር 27 ነው። የራሴን ወረቀት ባገላብጠው 31 ይላል። እርሱም ልክ ነው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ፈራሁ። ወረቀቷን በሽርጤ ኪስ ደብቄ፣ ለእርሷ ግን አስገብቼልሻለሁ ብዬ ዋሸኋት።

7. ሦስተኛው ቧንቧ በተሞከረበት ቀን እርስዎ ከሻጩ ጋር ቆመው ጠሩኝና ክፈቺው አሉኝ። ከፈትኩት። አይከብድም አይደል ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያይ ስለነበር መሬት መሬት እያየሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ማክሰኞ በተለጠፈው ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ «የሠራተኞች ተወካይ ቧንቧውን በተግባር ፈትሻ ለሁሉም ሠራተኛ ተስማሚ መሆኑን አረጋግጣለች» የሚል አነበብኩ። ተወካይዋ እኔ መሆኔ ነው። መቼ እንደተመረጥኩ ባላውቅም ለሹመቱ አመሰግናለሁ። ከአርባ ሠራተኛ መካከል እኔን የመረጡበትን ምክንያት ግን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ «አይሆንም» ማለት የማትችል ሰው ተፈልጋ ነው።

ትናንት ከሥራ ወደ ቤት ስንመለስ ለእቴቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱንም አውጥቼ ሰጠኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ቆም አለችና፣ «እጄን አትደብቂልኝ ልጄ፤ ሰርቄ ያመጣሁት አይደለም» አለችኝ። ወረቀቱን በግራ እጇ መልሳ ኪሴ ከተተችው። ደብዳቤውን ጽፌ ከቃለ ጉባኤው ጎን ብለጥፈው ምን ትያለሽ ብላት፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፣ አጣቢዎቹ ከሩቅ እንዲያነቡት ብላኛለች።

ነገ በአራት ሰዓት ቧንቧው እንግዶች ባሉበት ሲመረቅ፣ ተወካይ ነኝና፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የምቀዳው እኔ እንደሆንኩ ተነግሮኛል። እመጣለሁ። ሽርጤንም አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ቀኝ እጄን 27 ቁጥር ወረቀት ባለበት ኪስ ውስጥ አድርጌ በግራ እጄ ብቻ ልቀዳ እሞክራለሁ። ውሃው አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ የሚጠይቅ እንግዳ እስኪገኝ ድረስ እዚያው እቆማለሁ፤ መቆም እንኳ እችልበታለሁ። ሲጠይቁኝ ወረቀቱን አውጥቼ አነባለሁ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ቀረብ ብለው ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። አንብቤ ስጨርስ ብርጭቆውን ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ፤ ቀኝ እጅዎን ኪስዎ ከተው አንድ ጊዜ ለእቴቴ እንዲቀዱላት እለምንዎታለሁ። ይህን አንብበው በእኔ ምትክ ሌላ ሰው ቢያቆሙም አልቀየምም፤ ኪስ ያለው ሽርጥ ሁላችንም አለን።

ስለ ጤናችን፣ ስለ ደህንነታችንና ስለ ግድግዳችን ውበት ለሚጨነቀው ልብዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ፤ ዝቅ ማድረጌ እንደ መስማማት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባብኝ ግን አደራ።

ሳትመረጥ የተወከለችው
አንሶላ አጣጣፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሜን ያልጻፍኩት አያስፈልግም ስላሉን ነው። ፍለጋው እንዳያደክምዎ ግን ከደብዳቤው ጀርባ 31 ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፤ እርሳስ ይለቃል።