አባባ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰሙን ነበር

ለውድ ወንድሜ ለዊክሊፍ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሊኔትስ እንዴት ናት? ሁለቱ ሴቶች ልጆችህስ? የዶሃ ሙቀት በረደላችሁ ወይ? የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እጄ እንቢ አለኝ። እማማ በሕይወት አሉ፣ እየተሻላቸውም ነው። ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅና ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አፌ ተሳሰረብኝ።

የአባባን ጆሮ ታውቀዋለህ። ሠላሳ አምስት ዓመት በወርክሾፓቸው የተማሪ ቆርቆሮ ሣጥን ሲቀጠቅጡ ኖረው፣ አንተ ስትሄድ እንኳ ጆሯቸው ሥር ነበር የምንጮኸው። ከገበያ የገዛንላቸው ያገለገለ የመስሚያ መሣሪያ እያፏጨ ራሳቸውን ሲያዞራቸው መሳቢያ ውስጥ ወርውረው ተዉት። እኔም የመስሚያ መሣሪያ ሲባል ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በጁን መጀመሪያ ወደ ጆሮ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ናፉላ የምትባል ባለሙያ መሣሪያዎቿን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል አለ፤ የጆሮን ጉድጓድ አፍ የሚሞላ አለ፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ትንሽ ሆኖ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋም አለ። አንዱ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ሌላው ምስር የምታክል ባትሪ ይበላል። አባባ ትንሿን አንስተው “ይቺን ስጪኝ፤ ሚስቴም አታያት” አሉ። ናፉላ ሳቀችና በወረቀት ጻፈችላቸው፦ “ይቺ ጆሮው ጥቂት ለከበደው ሰው ናት። ለእርስዎ ጉልበቷ አይበቃም፤ ላብና የጆሮ ኩክም ቶሎ ይደፍናታል።” ከጆሮ ኋላ የሚውለውን መረጠችላቸው። እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ጨምራ ልኩን ወሰደችና ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ አለችን።

መሣሪያው ግን ቀደም ብሎ ደርሶ ኖሯል። በስልካቸው መልእክት ሲደርሳቸው ማክሰኞ ጠዋት ብቻቸውን ሄደው አስገጠሙ። የሹራብ ኮፍያቸውን ጆሯቸው ድረስ ስበው፣ ሊያስደንቁን እየቸኮሉ ቤት ገቡ። እኛ ምሳ ላይ ነበርን።

ታላቅ ወንድማችን ኦኩሙ እያወራ ነበር። “ወርክሾፑን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ” አለ። “ሽማግሌውን ገጠር፣ ሴሜ እናስገባቸው፤ ከከብቶቹ ጋር ቁጭ ይበሉ። የሚወስዳቸው መኪና ሲመጣ ያኔ ያውቁታል።” እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? “እሳቸው እንደሆኑ የትም ቢቀመጡ ድንጋይ ናቸው” አልኩ። ይህን እያልኩ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን አቀረብኩላቸው። አባባም አመስግነውኝ በሉ።

አባባ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ ጓሮ ከአባባ አጠገብ ተቀምጠው ደቃቁን ዓሣ ይለቅሙ ነበር። ለማንም የማይነግሩትን ለአባባ ነው የሚነግሩት፤ አባባም ሳይሰሙ ፈገግ ይላሉ። “የኦኩሙ አባት” አሏቸው፣ “ግራ ጡቴ ሥር እብጠት ካወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ልጆቹን አላስጨንቅም። አንተ ስለማትሰማ ነው የምነግርህ፤ ትንሽ ይቀለኛል።”

ሐሙስ ምሳ ላይ ኦኩሙ የሽያጩን ወረቀት ይዞ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የግብር ወረቀት ነው በያቸውና አስፈርሚያቸው” አለኝ። አባባ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ።

“የግብር አይደለም” አሉ።

ዊክሊፍ፣ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ መሣሪያው ከጆሯቸው ኋላ ታየን። “ወርክሾፔን አልሸጥም። የወረቀቱ ነገር ይቆየን። ፔኒና፣ ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።”

“ምን ሆኜ?” አሉ እማማ።

“ግራ ጡትሽ።”

እማማ የያዙትን የውኃ ኩባያ ለቀቁት። ኦኩሙ ወረቀቱን እንደ ሌባ ከኋላው ሲደብቅ አየሁት።

ካንሰር ነው ተባለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቆርጠው አወጡላቸው። ወደ ብብታቸው አልተሰራጨም፤ ሐኪሟ “ጥቂት ወራት ብትቆዩ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው” አለችን። ሕክምናው ገና ይቀራል። ያልነገርንህ እማማ “ዊክሊፍን በሰው አገር አታስደንግጡት” ብለው አስምለውን ነው።

ወርክሾፕ ሄጄ በቀስታ ይቅርታ ስጠይቅ አባባ “ጮክ በይ” አሉኝ። መሣሪያው ሥራ ያቆመ መስሎኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየኝ፣ “ድንጋይ ብዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ!” ብዬ ጮህኩ። “ቅድምም ሰምቼሻለሁ” ብለው ሳቁ። እኔ ግን እዚያው አለቀስኩ። ኦኩሙ እስካሁን ዓይናቸውን ማየት አልቻለም፤ እማማን ወደ ሕክምና የሚያመላልሰው ግን እሱ ነው።

መሣሪያው ተአምር አይደለም። የሚጠበስ ዘይትና የራሳቸው እርምጃ ሳይቀር ይጮህባቸዋል፤ ጭንቅላታቸው እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል ብላለች ናፉላ። ትናንት እማማ እያወሩ ሳለ አባባ ጣልቃ ገብተው “ይኼን ሰኞም ነግረሽኛል” አሏቸው። እማማ ተቆጡ፤ “አሥራ አንድ ዓመት ማንም ሳያቋርጠኝ ነው ያወራሁት!” አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ አባባ አስጠጉና ወሬውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ሊኔትን በእማማ ስም አቅፈህ ሳምልን። ልጆቹን አባባ በየስማቸው እየጠሩ ሰላም ብለዋቸዋል። ኦኩሙም ሰላም ይልሃል፤ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለኝ።

እህትህ አኬዮ
ኪሱሙ፣ ኦገስት 9 ቀን 2019