«አሁን ወጣ» ያልኩሽ ቀን

ውድ ሙሪየል፣

በዚያ የገበያ ቀን በስልክ ያልሽኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለመርማሪው ዳኛ አልተናገርኩም፤ ለቄሱም፤ ለሲሪልም። አንቺ ከሞትሽ በኋላ ባልሽን አገባሁ፣ ልጅሽን አሳደግኩ፣ አንቺ ታበስዪበት በነበረው ምድጃ ስር አረጀሁ። ያን ሁሉ ዘመን ቃልሽን ይዤ ዝም አልኩ።

አሁን ሲሪልም ተከትሎሻል። በረዶው ሳይለቅ ሞተ። በፈቃዱ አስከሬኑ ተቃጠለ፤ አመዱ በትንሽ ሣጥን ሆኖ ሳሎን ውስጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የመጨረሻ ልመናው ያንቺ መቃብር ውስጥ እንዲያርፍ ነበር። መቃብሩ ግን በልጅሽ በጊሊያን ስም ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ አይከፈትም። እሷ ደግሞ እንቢ ብላለች።

ለቀብሩ መጥታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ነጩ ኮርማ መጠጥ ቤት ሲገባ እሷ ደጁ ላይ ቆመች። ሳንድዊች የሞላ ሳህን ይዤ ወጣሁላት።

«ግቢ እንጂ ልጄ፤ ብርድ ነው» አልኳት።

«እዚህ ቤት አልገባም፤ ታውቂያለሽ።»

«ስለ መቃብሩ እንኳ አስቢበት። የለመነው እሱን ብቻ ነው።»

«አይሪስ፣ አንቺን አልጠላሽም፤ አሳድገሽኛል። ግን እናቴ የሞተችው እሱን ከዚህ ቤት ልትጎትት ወጥታ ነው። እሱ ዶሚኖ ይጫወት ነበር። በንዴት የሞተች ሴት አጠገብ አላስተኛውም። በቃ።»

ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። ተናደሽ እንዳልነበር የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ዋጥኩት።

አንቺ የጸሎት ቤት ሰው ነበርሽ፤ ነጩ ኮርማን ከውጭ ብቻ ነው የምታውቂው። ስለዚህ ውስጡን ልንገርሽ፤ አለዚያ ያደረግኩት አይገባሽም። በጎዳናው በኩል ያለው ሰፊው ክፍል የወንዶች ነበር። ሴት አትግባ የሚል ሕግ የለም፤ ግን ብትገቢ ወሬው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ውሻው ሳይቀር ያይሻል። ለእኛ የተተወችልን ከመተላለፊያው ዳር ያለች ጓዳ ነበረች። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ቢራ ወደሚቀዳበት በኩል የምትከፈት ትንሽ መስኮት። ወንዶቹን እንሰማቸዋለን እንጂ አናያቸውም።

እኔ እንቁላል መደብር እንቁላል ስለይ እውልና በገበያ ቀን ግማሽ ብርጭቆ ጥቁር ቢራ ይዤ እዚያ እቀመጥ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም። ማንበብን የተማርኩት ሰው ጥሎት በሄደ ጋዜጣ ነው፣ ለብቻዬ፣ እዚያችው ጓዳ። ወንዶቹ ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ በመስኮቷ ወረቀት ያሾልኩልኛል። «አይሪስ፣ ይቺን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው» ይለኛል የበግ ነጋዴው አምብሮዝ። መነጽር ኖሮት አያውቅም። አንብቤ እመልስለታለሁ፤ መስኮቷም ትዘጋለች።

ስልኩ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ነበር፣ ከጓዳዋ በር አጠገብ። በገበያ ቀን ሲጮህ የሚሆነውን ብትሰሚ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

«የለሁም!» ይላል አንዱ።

«እኔም የለሁም!»

«እኔ ሞቻለሁ በላት!» ይላል አምብሮዝ።

«አንተ ሚስት የለህም እኮ!»

«ቢሆንም። ጥንቃቄ አይከፋም።»

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፐርሲ ያነሳና የምትደውለው ማንም ትሁን «አሁን ወጣ፤ መንገድ ላይ ነው» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ሚስቶቹም ያውቁታል። የሥጋ ሻጩ ሚስት አንድ ቀን «እሺ፣ ያንን አሁን የወጣውን ሰውዬ፣ እኔ ሳልመጣበት ይውጣ በለው» ብላ ዘግታበት ሰዉ ለሳምንታት ሲስቅባት ከረመ። በከተማችን አሁን ወጣ ሲባል አልወጣም ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ያን ቀን የአውራ በጎች ገበያ ነበር፤ ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ሰዉ ከነእርጥብ ካፖርቱ ታጭቆ ክፍሉ በግ በግ ይሸታል። አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ። ፐርሲ በሁለት እጁ ብርጭቆ ይዞ በመስኮቷ ብቅ አለ።

«አይሪስ፣ እባክሽ አንሺልኝ! እጄ ሞልቷል!»

ከዚያ በፊት አንስቼ አላውቅም። መስኮቷ ክፍት ቀረች፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ነጩ ኮርማ ነው» አልኩ፣ የፐርሲን ጎርናና ድምፅ እያስመሰልኩ። ሳቁ።

«ሲሪል አለ?» አልሽ።

«የለሁም!» አለ ሲሪል፣ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨ። አምብሮዝ ጨመረበት፤ «ለንደን ሄዷል በያት! ንግሥቲቱ ጠርታው ነው በያት!»

ያን ያህል ሰው አንድ ላይ አይቶኝ አያውቅም ነበር፣ ሙሪየል። አንድ ጊዜ እንኳ ከእነሱ እንደ አንዱ ሆንኩ።

«አሁን ወጣ» አልኩሽ። «መንገድ ላይ ነው።»

«ማነሽ? አይሪስ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እፎይ! እንኳንም አንቺ አነሳሽው። ፐርሲ ቢሆን አላምነውም ነበር» ብለሽ ሳቅሽ። «እኔ እኮ እዚያው እደር ልለው ነው የደወልኩት። ወንዙ ሞልቷል፤ የወፍጮው የእንጨት ድልድይ ይነቃነቃል። አንድ ብርጭቆ ጨምርና ፐርሲ ጋ ተኛ፣ እኛ ደህና ነን ልለው ነበር። ከወጣ ግን... በይ፣ ፋኖስ ይዤ ልውረድና ድልድዩ ላይ ሳይወጣ ልጩህበት። አመሰግናለሁ፣ አይሪስዬ።»

«ቆዪ» ስለማለቴ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዳንድ ቀን ያልኩ ይመስለኛል። ብልም ዘግተሽው ነበር።

«ምን አለች?» አለ ሲሪል።

ሁሉም አፌን ይጠብቃል።

«እራትህን ለውሻው ሰጥቼዋለሁ አለች» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አምብሮዝ ብርጭቆውን ወደ እኔ አነሳ፤ «ይቺ ልጅ ከፐርሲ ትሻላለች! ከዛሬ ጀምሮ ስልኩ የሷ ነው!»

ወደ ጓዳዬ ተመልሼ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ድልድዩ ጋ ትደርሺና ማንንም ስታጪ ትመለሻለሽ፤ በሚቀጥለው ገበያ መንገድ ላይ ታገኚኝና «አንቺ ውሸታም» ትይኛለሽ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቼ ተነስቼ ደወልኩ። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አላነሳም። ያኔ እንኳ ጊዜው አላለፈም ነበር። ከነጩ ኮርማ እስከ ወፍጮው ሩቅ አይደለም፤ ሲሪልን ሩጥ ብለው ይደርስ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሳቁበትን ነገር መልሼ ልወስድባቸው ነው። አፈርኩ። ያንን ሳቅ ለማዳን ብዬ ነው አንቺን የተውኩሽ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ባልሽን ያን ጊዜ አልተመኘሁትም፤ ማመን ግን ያንቺ ፈንታ ነው።

ሲሪል በእንጨቱ ድልድይ አልመጣም። አንድ በግ ነጂ ገብቶ ወንዙ መሙላቱን ስለነገራቸው በድንጋዩ ድልድይ ዞሮ ሄደ። የወንዙ ውሃ ሳይነካው ቤቱ ገባ። ጊሊያንን ኩፍኝ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች፤ «እማማ አባትሽ ጋ ደርሼ መጣሁ ብላ ወጣች» አለችው። አንቺን ግን ወንዙ ወስዶሽ ኖሮ በማግስቱ ከወፍጮው በታች ከአኻያው ሥር አገኙሽ።

መርማሪው ዳኛ ጠራኝ። «ምን አለችሽ?» አለኝ። «ባሏ መኖሩን ጠየቀች፤ ወጥቷል አልኳት» አልኩ። ጻፈው። ውሸት አልነበረበትም።

ከተማው ሁሉ አሁን ወጣ የሚለውን ስለሚያውቅ ነገሩን ለመፍታት አልተቸገረም። ሙሪየል አላመነችም፤ እንደ ማንኛዋም ሚስት ተናዳ ልትጎትተው ወረደች ተባለ። እናቶች ለልጆቻቸው፣ ሚስቶች ለባሎቻቸው ተረቱት። አንቺ ግን አምነሽ ነበር። በዚያች ከተማ ያንን ቃል ያመንሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያመንሽውም የነገረችሽ ሴት ስለሆነች፣ እኔ ስለሆንኩ ነው።

መጀመሪያ ልጅሽን ልጠብቅ ነው ወደ ቤትሽ የመጣሁት። ቀስ በቀስ ቀረሁ። ሲሪል ክፉ ባል አልነበረም። ግን በየገበያ ቀኑ ነጩ ኮርማ ይሄድና ከስልኩ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ ይቀመጣል። አይጠጣም፤ የቢራው አረፋ እስኪጠፋ ያየዋል። ስልኩ ሲጮህ ከፐርሲ ቀድሞ ይነሳል።

«አለሁ» ይላል። «ሲሪል ነኝ። አለሁ።»

ደዋዩ ግራ ይገባዋል። ከዚያ የተፈለገውን ሰው ጠርቶ ስልኩን ይሰጠዋል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። የለሁም ብሎ የሚጮህ ዳግመኛ አልተሰማም። ፐርሲ ሞተ፤ ልጁ ቤቱን ወረሰ፤ የጓዳዋ ግድግዳ ፈርሶ ሴትና ወንድ ባንድ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሲሪል ግን ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ ጊዜ ለእረፍት የመጣ እንግዳ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አስተናጋጇን ሲጠይቃት ሰማሁ። «ተወው ጌታዬ፤ የሱ ስልክ ነው» አለችው።

እኔ ከፊት ለፊቱ ግማሽ ብርጭቆዬን ይዤ እቀመጣለሁ። በጮኸ ቁጥር የደወልሽው አንቺ ትመስዪኛለሽ። አንቺ ብትደውዪ የምትፈልጊው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር። አንድ ቀን አንስቶ ያዳምጥና ወደ እኔ ዞሮ «ላንቺ ነው፣ አይሪስ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ሳንቃ ሲንቋቋ ድምፅሽ ይመጣብኛል። ተቆጥተሽ ብትመጪ ይሻለኝ ነበር። ሁልጊዜ የምትመጪው እየሳቅሽ፣ እያመሰገንሽኝ ነው።

የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታሞ ከተኛ በኋላ። ሾርባ እያጠጣሁት ነበር።

«አይሪስ፣ ድምጿን የሰማሽው አንቺ ነሽ። ተቆጥታ ነበር?»

ማንኪያው እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ብነግረው ሰውዬው በሰላም ይሞታል። ግን የሚሞተው ያደረግኩትን አውቆ፣ እኔን እያየ ነው።

«አላስታውስም» አልኩት። «ስንት ዘመን ሆነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ቁጣም ያምርባት ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሙሪየል፣ መጀመሪያ የገደልኩሽ በአንድ ቃል ነው፤ እሱ የጨዋታ ነበር። ይህ ሁለተኛው ግን ጨዋታ አልነበረም፤ አውቄ፣ አስቤ፣ ማንኪያ ይዤ ነው ያደረግኩት። ለዚህ ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። ይቅርታ የሚለምን ሰው ቢያንስ የበደለው ሰው ሳይሞት ይነግረዋል።

እሁድ ጊሊያን የልብስ ስፌት መኪናሽን ልትወስድ ትመጣለች። ሻይ አፈላላትና እነዚህን ወረቀቶች እጇ ላይ አኖራለሁ። በፖስታ አልክም፤ ስታነብ ፊቷን አይቼ የሚመጣውን እዚያው መቀበል አለብኝ። ከዚያ ወዲያ ደጄን ላትረግጥ ትችላለች፤ አልፈርድባትም። ሲሪል ካንቺ ጎን ካረፈ እኔ ለብቻዬ ነው የምቀበረው፤ እሱንም አስቤበታለሁ። እሷ ግን እናቷ ያን አመሻሽ የወጣችው አባቷን ልትጎትት ሳይሆን ልታድነው እንደነበር፣ የመጨረሻ ቃልሽም እዚያው እደር፣ አንድ ብርጭቆ ጨምር የሚል እንደነበር ትወቅ። ከዚያ በኋላ ስለ መቃብሩ የምትወስነውን እሷ ታውቃለች።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ላንቺ ነው፤ ለሌላ ሰው ብጽፈው እውነቱ አይወጣልኝም ነበር። ፖስታው ላይ ግን ያንቺን ስም አላኖርኩም። «ለጊሊያን፣ ለሙሪየልና ለሲሪል ልጅ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አይሪስ