ሦስተኛው ለሩቁ ነው

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ በረታብዎ ወይስ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ያስቀምጥዎታል? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀዎ? እማዬ መድኃኒቱን ወተት ውስጥ ደብቃ እንደምትሰጥዎ ሰምቻለሁ፤ እንዳላወቀ ሰው ሆነው ይጠጡላት። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለኝም ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ እምቢ ብሏል፣ ወንድሜም ካልኩት ግማሹን ዋጥ አድርጎ ነው የሚያደርስልዎ። ድሮ ሰው የሚለውን የምነግርዎ እኔ ነበርኩ። «ጆሮዬ» ብለው ሲጠሩኝ መስማት እንዴት ናፈቀኝ።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከአንዲት ዝምተኛ ሴት ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን እንቀራረባለን፣ እንራራቃለን፣ ቃል ግን አንለዋወጥም። ክፍሌ ስገባ በሬን የሚያንኳኳ የለም። አከራዬ እንኳ ሲፈልገኝ በመስኮት ነው የሚጣራው። ብቸኝነት እንዲህ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ የነገረኝ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሳያንስ ጎህ ሲቀድ ከጎኔ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደወል እንቅልፌን ይነጥቀኛል፤ በየደብዳቤው የማማርርልዎ እሱን ነው።

ወደ አደራዎ ልምጣ። አያትዎ ትተዋት በሄዱት ከተማ ሥራ ማግኘቴን ስነግርዎ ፊትዎ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። የካህናት ዘር መሆናችንን በዓይንሽ አይተሽ ጻፊልኝ፣ ሳልሞት የአያቴን ስም ከቄሶቹ መሃል ልየው አሉኝ። አጎቴ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ቄሱ መጡ» እያለ ሲያሾፍብዎ እንዴት እንደሚከነክንዎ አውቃለሁ። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔን ሁሉ ለዚሁ ሰጠሁት።

የደብሩ መዝገብ ያዥ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር እጄን የሚያዩ ቁጡ ሰው ናቸው። የቄሶቹን ስም አየን፤ አያትዎ የሉም። ዲያቆናቱን አየን፤ የሉም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የከተማዋን ታሪክ ጽፈዋል ተብዬ መጽሐፋቸውን ተዋስኩ። የደብሩን አስተዳዳሪዎች ከነጢማቸው ርዝመት አትተዋል፣ የእኛን ሰው ግን አላነሷቸውም። ልተወው ስል መዝገብ ያዡ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ የአባትዎን የክርስትና መዝገብ ፈልገው አወጡ። የአባትዎ ስም አለ። የአያትዎም አለ፤ ከአጠገቡ ሥራቸው ተጽፏል። አባባ፣ ቄስ አይልም። ደወል ደዋይ ነው የሚለው።

ምን ብዬ እንደምነግርዎ ጨነቀኝ። ደብዳቤዬ የዘገየውም ለዚህ ነው። አጎቴ እዚህ ድረስ መጥቶ አያጣራ፣ ቄስ ነበሩ ብዬ ብጽፍስ የሚል ሐሳብም ሽው ብሎኝ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

በመጨረሻ የአሁኑን ደዋይ ፈልጌ ሄድኩ። ከደወሉ ማማ ሥር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ጫማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። የአያትዎን ስም ስነግራቸው አላወቁትም። ቤተሰባቸውን ይዘው ከዚህ የሄዱት ደዋይ ስላቸው ግን ፈገግ አሉ። አደዋወሉ የዚያ ደዋይ መሆኑን፣ አንዱ ለአንዱ እያስተማረ እሳቸው ዘንድ መድረሱን አጫወቱኝ። ከዚያም ላሳይሽ ብለው በመዶሻቸው እጀታ አግዳሚውን መቱት። ሁለቴ መቱ። ዝም አሉ። አንዴ መቱ።

የእኛ ቤት ማንኳኳት ነው አባባ። እርስዎ ከሥራ ሲገቡ በራችንን የሚመቱት፣ ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚያንኳኳው ብለው ያስተማሩን፣ እርስዎንም አባትዎ ያስተማሩዎ። በየጠዋቱ ከራሴ በላይ ሲጮህ ልብ ያላልኩትን፣ እንጨት ላይ ስሰማው አወቅኩት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስረጋጋ ዝምታው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቱ ለቅርብ ሰው ነው ልጄ» አሉኝ። «ከዚያ ሩቅ ያለው ጫማውን እስኪያጠልቅ ዝም ትያለሽ። ሦስተኛው ለሱ ነው።»

እንግዲህ ካህን አልነበሩም። ለመጻፍ ከብዶኛል፣ ለእርስዎም ለማንበብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አጎቴም ይሳቅ፣ ምን ይደረጋል። እኔ ግን ጎህ ሲቀድ መራገሙን ትቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ዓይኔ ሳይገለጥ «መጣሁ» ብዬ ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም።

እማዬን ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች ይበሉልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ በተለይ የፊት ጥርሱ የወለቀውን፣ ይሳሙልኝ። አጎቴንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ወሬውን ግን እኔው ራሴ እስክነግረው ያቆዩት። ወንድሜን ደግሞ አንድ ነገር ይዘዙልኝ። ደወሉ ከጆሮዎ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ይህን አንብበው ሲጨርሱ መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉና እሱ ያንኳኳልዎ። ሁለቴ ይምታ። ከዚያ ዝም ይበል። ዝምታውን አያሳጥረው፤ እኔ ጫማዬን እያጠለቅኩ ነው።

ልጅዎ፣ ጆሮዬ የሚሏት

ከደወሉ ማማ ጎን ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን፣ ጠዋት