የሁለታችን ፊርማ

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከወልድያ ዕቃ ገዝቼ ሰቆጣ ስገባ የሸሪኬ የካሳው መፍቻ ሳጥን ከጋራዡ የለም። «ትናንት ሸጥሁት» አለኝ፣ ዓይኑን ከሞተሩ ሳያነሣ።

እናቱ እዚሁ አቅራቢያ ዝቋላ ወረዳ በጠና ታመው፣ ወደ ሆስፒታል ለሚያመጣቸው መኪና መክፈያ አጥቶ ነው። ባንክ ሄዶ ነበር፤ የጋራዡ ሂሳብ ያለሁለታችን ፊርማ አይወጣም ብለው መለሱት። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር።

ሂሳቡን ስንከፍት ካሳው «በአንዳችን ፊርማ ይውጣ» ብሎ ነበር። ሰው መቼም አይታመንም ብዬ፣ ሁለት ፊርማ ካልሆነ ያልሁት እኔ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝን ሰው!

ሆስፒታል ሄጄ እናቱን ጠየቅኋቸው። ትንሽ ተሽሏቸዋል። የሆነውን ምኑንም አያውቁ፤ «ልጄን እንደ ወንድም የያዝህልኝ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። መግቢያ አጣሁ።

ተመልሼ «ነገ ባንክ ሄደን በአንድ ፊርማ እናስደርገው» አልሁት።

«ደግ» አለ። ከሞተሩ ቀና አለና «ዐሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻህን ትፈቅድልኛለህ?» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ መፍቻዬን ሲያነሣ አንድም ቀን አስፈቅዶኝ አያውቅም።