ምድጃችንን ከድንጋይ ሥር ለቀበሩልን የውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንጻችን የውበትና የተመሳሳይነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከብብትዎ ተለይቶ ለማያውቀው የድንጋይ ካታሎግ ጭምር የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ክቡርነትዎ የሁላችንንም ወጥ ቤት በዘመኑ ፋሽን ለማስዋብ ወስነው ያስገጠሙልን ነጭ እብነ በረድ ቤታችን ከገባ ወዲህ ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጽ ጨንቆኝ ስለ ሰነበተ፣ በየደረጃው እየቆምኩ ከማጉረመርም በግልጽ ደብዳቤ ጽፌ መግቢያው ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ይሻላል ብያለሁ። ምስጋናዬም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ስለ ሎሚው። በካታሎግዎ ሽፋን ላይ፣ በነጩ እብነ በረድ መካከል፣ አንድ ሳህን ሙሉ ሎሚ በኩራት ተቀምጦ ይታያል፤ ከድንጋዩ ጋር በታደለን መመሪያ ላይ ግን የሎሚ ጠብታ ድንጋዩን ስለሚበላው በአጠገቡ ሎሚ መቁረጥ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ በደማቁ ተጽፏል። ስለዚህ ሎሚውን ገዝተን እናየዋለን፤ መጭመቅ ሲያምረን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ይዘነው ገብተን በር እንዘጋለን። እርድማ ከቤታችን ከተሰደደ ቆየ። ቀይ ሥር ባለቤቴ የምትልጠው በረንዳ ላይ ጎንበስ ብላ፣ የሰረቀችው ይመስል ግራ ቀኝ እያየች ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ወጥ መሥራት ለድንጋይ ጤና ጎጂ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና ውለታዎ አለብን።

፪ኛ፦ ስለ ፏፏቴው። ድንጋዩ ከላይ ተነሥቶ በጎን እስከ ወለሉ የሚወርድበት ይህ «ፏፏቴ» የተባለው ፋሽን ጉልበት ማስገቢያ ስላልተወልን፣ በርጩማ ስቦ ቁጭ ብሎ ጎመን መቀንጠስ ታሪክ ሆኗል። የድንጋዩ ግራጫ ጅማቶች ማዕዘኑ ላይ ሳይቆራረጡ መገጣጠማቸውን ግን እንደ ልብስ ሰፊነቴ አድንቄያለሁ፤ እኔም ባለ መስመር ጨርቅ ስሰፋ መስመሩን አገጣጥማለሁ፣ ሆኖም ለባሹ እጁን የሚያስገባበት አልረሳም።

፫ኛ፦ ይህን ቁጥር ባለቤቴ አንብባ ከክቡርነትዎ ክብር ጋር አይሄድም ስላለች ሰርዤዋለሁ። በቃል መስማት ከፈለጉ ሱቄ ክፍት ነው።

፬ኛ፦ ስለማይታየው ምድጃ። በዘንድሮው ፋሽን ምድጃ መታየቱ ነውር ሆኖ ከእብነ በረዱ ሥር ተቀብሯል፤ የመሳቢያው እጀታ ጠፍቷል፤ ዕቃ ማጠቢያውም ከዚያው ድንጋይ ተጠርቦ ከሌላው ጋር ተመሳስሏል። እሳቱ የት እንዳለ የምትጠቁመው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መብራት ብቻ ናት። የእናቴ ዓይን ደግሞ ከደከመ ቆይቷል። በድሮው ግራጫ ግራናይት ጊዜ፣ ጠርዙ ላይ ሸረፍ ያለችውን ቦታ በአውራ ጣቷ ትዳብስና ከዚያች ተነሥታ በቀኝ ምድጃውን፣ በግራ ቢላዋውን እያገኘች፣ ዓይን አለን የምንለውን ሁሉ ስታበላን ኖራለች። ያንን ድንጋይ ብቻ እንዲተዉላት ለምኜዎት ነበር፤ ክቡርነትዎም የተሸረፈ ድንጋይ አጠቃላይ እይታውን እንደሚያበላሽ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ሥራው ባለቀ ማግስት እናቴ ድስቱን ውኃ ሞልታ፣ ምድጃው ላይ የጣደችው መስሏት ባዶው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና እስኪፈላ ቆማ ጠበቀች። ከሥራ ስገባ እጇን ድስቱ ላይ አድርጋ አገኘኋት፤ ውኃው እንደ ቀዘቀዘ ነው። ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ ቤት ረግጣ አታውቅም። እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለጥቂት ጊዜ ይያዙልኝና፣ ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ አንጀቴ አርሯል።

አሁን መልሰው ይስጡኝና ልቀጥል። የድሮው ግራናይታችን እንዳልተጣለ፣ ይልቁንም ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሥር ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ሆኖ እንደ ተተከለ ያወቅሁት ባለፈው ሰሞን እናቴን ፀሐይ ላስሞቃት ወደ ግቢ ይዣት በወረድኩ ጊዜ ነው። ያወቀችው እንኳ እሷ ናት፤ ገና ከመቀመጧ እጇ ጠርዙን ዳበሰ፣ ሸረፍ ያለችውን ቦታ አገኘ፣ ፊቷም በራ። ከዚያ ቢላዋዋንና መክተፊያዋን እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መታዘዜ ስለሆነ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቷ እዚያ ነው። አግዳሚው ለባለጉዳይ ነው ከተባለም ከእሷ የባሰ ጉዳይ ያለበት ሰው በግቢው ውስጥ አላየሁም። ስለዚህ ያንን ድንጋይ ወደ ቦታው፣ ምድጃዋንም ወደሚዳሰስበት እንዲመልሱላት፣ ይህ ካልሆነም ጎረቤትነቷን እንዲለምዱት በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ድንጋይዎ ሁልጊዜ ባዶ፣ ሎሚዎም ሁልጊዜ ያልተነካ ሆኖ እንዲኖርልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ፏፏቴው በፈቀደልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማይበሰልበት ወጥ ቤት ታማኝ ዘበኛ፣
የአራተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ፣
የእናቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ ነገ ጠዋት እናቴ በዚያው አግዳሚ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የጎረቤቶቻችንንም ድርሻ አብራ ስለምትሠራ ብዙ ነው። ክቡርነትዎ መስኮቱን ከፍተው መሥራት እንደሚወዱ አውቃለሁና ዓይንዎ ቢያነባ አይፈሩ፤ እኛ ለእሷ አዝነው ነው ብለን በምስጋና እንቀበለዋለን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሽንኩርት ካለ ግን አንጀት ባይኖርም ይሆናል።