በጓሮዬ የሚያልፈው አቋራጭ

መጋቢት 4

ልብስ አጠብኩ፣ ችግኞቹን አጠጣሁ። ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን ቀጭን መጽሐፍ ጨረስኩ። ስለ እኛው ከተማ ነው። ከተማ ይባላል እንዴ? ትልቁ ከተማ ወዲያ ማዶ፣ እኛ ጅራቱ ላይ...

በፊት እዚህ የነበረው የጡብ ፋብሪካ ብቻ ነው አሉ። ሸክላው ከታች ከወንዙ ዳር ይቆፈራል፣ ምድጃው ከላይ ከኮረብታው ጥግ። የሠራተኞቹ ቤት መሃል ለመሃል በቀለ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የመጣው ከዚያ ነው። ሸክላ ተሸካሚዎቹ የሚወጡበት አቋራጭ “ዛሬም ያገለግላል” ይላል መጽሐፉ።

አያገለግልም። በጓሮዬ ነበር የሚያልፈው።

መጋቢት 7

ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ካርታ ሊያወጣ ነው። ቀያሹ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ችግኞቼ መሃል ገተረው።

“እማማ፣ ይሄ የቆርቆሮ አጥር ቆየ?”

“ዘጠኝ ዓመቱ።”

“እንግዲያው ወሰን ብዬ ነው የምይዘው። ቅሬታ ያለው በሚያዝያ ስብሰባ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ካርታ ላይ የገባ፣ ገባ ነው።”

ወሰን ከተባለ መንገዱ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ነው። ሻይ ሰጠሁት፣ ደገምኩለት። አፌን ግን አልከፈትኩም... ለምን?

መጋቢት 8

ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ከአጥሩ ማዶ ታች ሰፈር ናቸው። ዶሮዎቻቸው በአቋራጩ እየወጡ ችግኜን ሲጭሩብኝ ለባሌ ጠዋት ማታ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። አጥሩን ሲመታ ሚስማር ያቀበልኩትም እኔ። ካቻምና ታሞ “እህቴን ጥሩልኝ” ሲል፣ እትዬ በአስፋልቱ ዞረው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጡ። አልደረሱም።

ለቅሶው ላይ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢወጣቸው ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 21

መስታወት ፊት ቆሜ ለስብሰባው ንግግር ተለማመድኩ። “የተከበራችሁ...” ስል ሳቄ መጣ።

ሚያዝያ 26

ተናገርኩ።

ሊቀመንበሩ ስለ ውሻ ሲያወራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ የካርታው ተራ ደረሰ። እጄን አወጣሁ።

“እናታችን፣ ምንድን ነው የሚቃወሙት?”

“አጥሩን።”

“የማን አጥር ነው?”

“የኔ።”

አዳራሹ በሳቅ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። “ስንት ስብሰባ መርቻለሁ፣ ራሱን የሚከስ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።”

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከኋላ፣ “ከራሳቸው እንዲታረቁ ሽማግሌ ይላክባቸው!” አለ።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። “መንገዱ ከኔም ከአጥሬም በፊት ነበር። የታች ሰፈር ሰው ላይ ሰፈር ጤና ጣቢያ ለመድረስ በአስፋልቱ እየዞረ ነው። ይከፈት” አልኩና ተቀመጥኩ።

ከበሩ በኩል አንድ ሰው ሲነሳ ወንበሩ ጮኸ። እትዬ። መምጣታቸውን አላየሁም።

“እኔም ስጋት አለኝ” አሉ። “ዶሮዎቼ እንደ ድሮው ችግኟን ሲጭሩባት ለማን ልትነግር ነው? እንግዲህ ባል የላት።”

ሰው ሳቀ። ያውቁ ነበር... ባሌን እንደነዘነዝኩት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር? ቀና ብዬ ሳያቸው እሳቸውም እየሳቁ ነው፤ ዓይናቸው ግን ውሃ ሞልቷል።

መንገዱ ካርታው ላይ ይግባ ተባለ። አጥሩን የሚያነሳ አናጢ “በሂደት ይመደባል” አሉ። ሂደቱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሚያዝያ 28

ሂደቱን አልጠበቅኩም። የባሌን ጉጠት ይዤ ወጣሁ። ሚስማሩ ዝጓል፤ አንዱን ስነቅል ላቤ ጠብ አለ። ከወዲያ በኩልም ቆርቆሮው ይንኳኳል።

“ማነው?”

“ማን ይሆናል? በዚህ ጉልበቴ ዞሬ ልመጣልሽ ኖሯል?”

ቆርቆሮው ወደቀ፣ እትዬ በመዶሻ ብቅ አሉ። ሚስማሩን መሬት ላይ ስጥል ተቆጡ።

“ምን ትበትኛለሽ? ለዶሮ ቤቴ ይሆነኛል። ይልቅ አቀብዪኝ፣ ልምዱ አለሽ።”

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እሳቸው አይተው እንዳላዩ ሚስማር ቆጠሩ።

ግንቦት 10

ማዘጋጃ ቤቱ አቋራጩ ላይ “ወደ ጤና ጣቢያ” የሚል ምልክት ተከለ። ቀስቱ የሚያመለክተው ማድቤቴን ነው። ጠዋት አንድ ሰውዬ ሰተት ብሎ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሳሉ የጀመረበትን ቀን ሲተርክልኝ ቆየ። ሙቅ ውሃ በማር ሰጠሁት። “እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር” ብሎኝ ሄደ።

ሄጄ አመለከትኩ። ቀስት ማዞር የኮሚቴ ውሳኔ ይጠይቃል አሉ።

ግንቦት 17

እትዬ በየጠዋቱ በዚህ ነው የሚያልፉት። ደረጃዬ ላይ ጉልበታቸውን ያሳርፋሉ፣ ያንን የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ የጡብ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ “ውሸቱን ነው” ይሉኛል። አባታቸው ሸክላ ተሸካሚ ነበሩ።

ዛሬ መጥረጊያ ይዤ ስወጣ ዶሮዎቹ የሰላጣ ችግኜን ከሥሩ ጭረውታል። እትዬ ከአቋራጩ ጫፍ ቆመው ያዩኛል።

“እህ፣ ለማን ልትነግሪ ነው?”

“ለእርስዎ።”

“ሰምቻለሁ” አሉና መጥተው ተቀመጡ።

ማታ ሰላጣውን እንደገና ተከልኩት። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ አድርጌ።