ዘሩ የተለወጠ በቆሎ

ድንቡሼ፣ ይህች ፖስት ካርድ ጠባብ ናትና ሰላምታው ከታች ይጠብቅህ።

ዛሬ የአንድ ኮሌጅ ምግብ አዳራሽ ገብቼ ነበር። አስተማሪው የተማሪዎቹን አመለካከት ሊያጠና ሁለት ትሪ ቅቅል በቆሎ አስቀርቧል፤ አንዱ ላይ «ዘሩ የተለወጠ»፣ ሌላው ላይ «የጥንት ዘር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንዷ ከተለወጠው ቀምሳ «ኤጭ! መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አለች። በጥንቱ ላይ ግን «በቆሎ ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ተጋፉበት። አስተማሪው ሁሉንም ጻፈ። ወጥ ቤቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንዱ ጆንያ ስላልደረሰልኝ ሁለቱንም ከአንድ ድስት ነው ያወጣሁት፤ አደራ እንዳትናገር!» አለችኝ። እኔም አፌን በበቆሎ ሞላሁ።

እናትህ የእጮኛህን ዘር ሲያጣሩ ሰርጉ እንደዘገየ ትዝ አለኝ። እሳቸውን ሰላም በልልኝ፤ ዘሯን ከመንገርህ በፊት ግን የእጇን ወጥ አስቀምሳቸው።